በሪሞት የምትነዳ የአፈር ላይ ቡጊ፦ የሾክና የሞላ አስተካከል ላይ ምክራችሁን እሻለሁ

የጠባሴው (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ነው። የአክስቴ ልጅ ከውጭ አገር ሲመለስ በእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ መጠን የተሠራች፣ በባትሪ የምትሠራና በኋላ ጎማዎቿ ብቻ የምትገፋ ያገለገለች የእሽቅድምድም ቡጊ አምጥቶልኝ፣ ከኅዳር ወር ጀምሮ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ከከተማው ወጣ ባለ ሜዳ ላይ እየነዳናት ነው። የመሮጫችን ግማሹ ገብስ የተወቃበት አውድማ ስለሆነ በእበት ተለቅልቆ እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ ነው፤ ቀሪው ግን የመረሬ ማሳ ጠርዝ በመሆኑ በበጋው ፀሐይ የተሰነጣጠቀና ጓል የበዛበት ነው። በሁለቱ መካከል ራሳችን ከአፈር የደለደልነው፣ ቁመቱ እስከ ጉልበት የሚደርስ አንድ መዝለያ አለ።

ቡጊዋ አውድማው ላይ ደህና ትሄዳለች። ጓሉ ላይ ስትደርስ ግን እንደ ኳስ ትነጥራለች፤ የኋላ ጎማዎቿም መሬት ሳይቆነጥጡ በአየር ላይ በከንቱ ይሽከረከራሉ። ከመዝለያው ስትነሣ ኋላዋ ሽቅብ ይወረወርና በአፍንጫዋ ትተከላለች፤ በዚህ ምክንያት የፊቱ የግራ ብራቾ (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) አንድ ጊዜ ተሰብሮብኛል። ጠባብ ኩርባ ላይ ፍጥነት ስጨምርባት ደግሞ ትገለበጣለች። ይልቁንም ግራ ያጋባኝ ጠባይዋ በሰዓት የሚለያይ መሆኑ ነው፦ ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ ውርጩ ገና ሳይለቅ ስነዳት ድርቅ ብላ ትንገጫገጫለች፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ያችው መኪና ትለሰልስና ትዋዥቃለች።

እስካሁን ሁለት ነገር አድርጌያለሁ። አንደኛ፣ ሞላዎቹ ልል ስለመሰሉኝ ሾኩ ላይ ያለውን ባለጥርስ ቀለበት እስከ መጨረሻው አዙሬ አጥብቄያቸዋለሁ። ሁለተኛ፣ የሾኮቹ ዘይት ፈስሶ ስላገኘሁትና ከመኪናዋ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ 30 ቁጥር ዘይት ስለሚል፣ ከመለዋወጫ ሱቅ 30 ቁጥር የሞተር ዘይት ገዝቼ ጨምሬባቸዋለሁ። ጠንከር ያለ ሞላ ከውጭ ለማስመጣት ገንዘብ እያጠራቀምሁ ስለሆነ፣ ከማዘዜ በፊት ልምድ ያላችሁ ሰዎች የምትሉትን ብሰማ ደስ ይለኛል።

ባለጋራዡ (ሸዋ ሮቢት)

እንደምን ሰነበትክ ወንድሜ። ጠባይዋ በሰዓት ይለያያል ያልከው ነገር ዋናውን ችግር ስላሳየኝ ከዘይቱ እጀምራለሁ።

በሞተር ዘይት ላይ የተጻፈው 30 እና በሾክ ዘይት ላይ የሚጻፈው 30 በአንድ ሚዛን የተለኩ አይደሉም። የሞተር ዘይት ያንን ቁጥር የሚያገኘው ሞተሩ በጋለበት፣ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያለው ውፍረት ተለክቶ ነው፤ ያንተ ሾክ ግን ወደዚያ ግለት ፈጽሞ አይደርስም። ከሁሉ የሚከፋው፣ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ ዘይት በብርድ እጅግ የሚወፍር መሆኑ ነው። የገዛኸው ዘይት በ25 ዲግሪ ከሚኖረው ውፍረት ይልቅ በ5 ዲግሪ አራት እጥፍ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይወፍራል። የደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ጧት መኪናህን የሚያደርቃት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሚፈታት ይህ ነው። ለእነዚህ መኪኖች የተዘጋጀው የሲሊኮን ዘይት በዚያው የሙቀት ልዩነት የሚወፍረው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ብቻ ስለሆነ ጠባዩን ይጠብቃል። ስታዝ ደግሞ ክብደት በሚሉት ቁጥር ሳይሆን የዘይት ውፍረት መለኪያ በሆነው በሴንቲስቶክ እዘዝ፤ 30 የሚባለው በአብዛኛው 350 ሴንቲስቶክ አካባቢ ቢሆንም የአንዱ አምራች 30 ከሌላው 30 ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም።

የሞተር ዘይት ሁለተኛም ጉዳት አለው። በብዙዎቹ ሾኮች ላይ ዘይቱ በዘንጉ ዙሪያ እንዳይወጣ የሚዘጋው ጎሚኒ ከሲሊኮን ላስቲክ የተሠራ ስለሆነ የነዳጅ ዘይት ሲነካው ያብጣል፤ ያበጠ ጎሚኒ ደግሞ የሾኩን ዘንግ አንቆ ይይዘዋል። ለማረጋገጥ ሾኩን ከመኪናዋ ፍታና ሞላውን አውጣለት፣ ከዚያም ዘንጉን በአውራ ጣትህ ቀስ ብለህ ግፋው። ከላይ እስከ ታች በእኩል ተቃውሞ፣ ሳይያዝ መሄድ አለበት። በመካከል ያዝ ለቀቅ ካደረገ ጎሚኒው አብጧል ማለት ነው፤ ቹፍ ቹፍ የሚል ድምፅ ከሰማህ ደግሞ ውስጡ አየር አለ። የፍሬን ዘይት ይሻላል የሚልህ ሰው ካጋጠመህ አትስማው፤ እርሱም ለዚህ የተሠራ አይደለም። ጎሚኒዎቹን መቀየር፣ የሾኩን አካል በለብ ያለ ውኃና በሳሙና አጥቦ ፈጽሞ ማድረቅ፣ ከዚያ በኋላ የሲሊኮን ዘይት መጨመር ነው ያለህ መንገድ።

አጨማመሩን ልንገርህ፤ ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ላይ ነውና። ዘንጉን እስከ ታች ስበህ ሾኩን ቀጥ አድርገህ ያዝ። ዘይቱን እስከ አፉ ድረስ ከጨመርህ በኋላ በዘንጉ ጫፍ ያለውን ባለቀዳዳ ፒስተን ከዘይቱ ሳታወጣ ቀስ እያልህ ከፍ ዝቅ አድርገው። ከፒስተኑ ሥር የተደበቁት አረፋዎች እንደ ጠላ አረፋ አንድ አንድ እያሉ ወደ ላይ ይመጣሉ። በእናንተ ብርድ ዘይቱ ስለሚወፍር አረፋው ቶሎ አይወጣም፤ ስለዚህ ሾኮቹን ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት ላይ ቀጥ አድርገህ አቁማቸውና ሩብ ሰዓት ያህል ተዋቸው። ክዳኑን የምትዘጋው አረፋው ፈጽሞ ሲጠፋ ነው። የግራና የቀኙን ሾክ ጎን ለጎን ይዘህ ዘንጎቹን ስትገፋቸው እኩል ካልተመለሱ ሥራውን እንደገና ጀምር።

እኔ ይህን የተማርሁት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። በ1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለው በእኛ ቆላ አስተካክዬ እጅግ የምታምር አካሄድ የነበራትን ቡጊ ጣርማ በርን ተሻግሬ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ደብረ ብርሃን ብወስዳት፣ በማግሥቱ ጧት እንደ ጣውላ ደርቃ አገኘኋት። የሲሊኮን ዘይት ነበር፤ ሆኖም 450 ሴንቲስቶክ ለእኛ ሙቀት እንጂ ለእናንተ ጧት አይሆንም። አንተ ከፊት በ350፣ ከኋላ በ300 ጀምር።

መምህርቷ (ደብረ ሲና)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለጋራዡ ስለ ዘይቱ የጻፉት ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ቀለበቱ ነው፤ ምክንያቱም ጠያቂው ከዘረዘራቸው ችግሮች የሚበዙት ከዚያ የመጡ ይመስለኛል።

ወንድሜ፣ ቀለበቱን በማጥበቅህ ሞላው አልጠነከረም። የሞላን ጥንካሬ የሚወስኑት የሽቦው ውፍረት፣ የጥቅሉ ስፋትና የጥቅሎቹ ብዛት ናቸው። ሽቦው በ10 በመቶ ብቻ ቢወፍር ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ ጥንካሬው በ46 በመቶ ያህል ያድጋል፤ ቀለበት ማዞር ግን ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱንም አይነካም። ለተማሪዎቼ የማሳያቸው በእስክሪብቶ ሞላ ነው፦ ሞላውን በሁለት ጣት መካከል ትንሽ ጨምቀህ ያዘውና ከዚያ አንድ ሚሊሜትር ጨምረህ ተጫነው። የመጨረሻዋን ሚሊሜትር ለመጫን የጨመርኸው ኃይል ሞላው ገና ሳይጨመቅ ከሚጠይቅህ የመጀመሪያ ሚሊሜትር ኃይል ጋር አንድ ነው። ቀለበቱ የሚለውጠው መኪናዋ የምትቆምበትን ከፍታ ነው።

አሁን እስከ መጨረሻው ስታጠብቀው የሆነውን እንይ። ሞላው ገና ከመነሻው የተጨመቀበት ኃይል በዚያ ጎማ ላይ ከሚያርፈው ክብደት በለጠ፤ ስለዚህ መኪናዋ ቆማ ሳለች ሾኮቹ እስከ መጨረሻው ተዘርግተዋል። ጎማዋ ጉድጓድ ሲያጋጥማት ወደ ታች የምትዘረጋው ቦታ አልቀረላትም፤ ስለዚህ በስንጥቁ ላይ ሁሉ ከመሬት ትለያለች። ነጠረች ያልከው አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው። ሻንሲዋ ከልክ በላይ ከፍ ስላለ የክብደቷ ማዕከል ወደ ላይ ወጥቷል፤ በኩርባ ላይ መገልበጧ ከዚህ የተነሣ ነው። ከመዝለያው ስትነሣ ደግሞ ያ የታመቀ የኋላ ሞላ ከሰዓት በኋላ በቀጠነ ዘይት ልጓም አጥቶ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ኋላዋን የሚወረውረውና አፍንጫዋን የሚደፋው ይኸው ነው። ጠንካራ ሞላ ለመግዛት የምታጠራቅመውን ገንዘብ ለጊዜው አቆየው፤ የሚያስፈልግህ አይመስለኝም።

ቀለበቶቹን ከማላላትህ በፊት ግን ብራቾዎቹ ነጻ መሆናቸውን አረጋግጥ። የሾኩን ታችኛ ብሎን ፍታና ብራቾውን በጣትህ አንሥተህ ልቀቀው፤ በገዛ ክብደቱ ምንም ሳይቆይ መውደቅ አለበት። በአውድማ ላይ ስለምትነዳ የገለባ ብናኝ ብራቾው በሚዞርበት ፒን ዙሪያ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ የተሰበረውን ብራቾ ስትቀይር ፒኑ ትንሽ ታጥፎ እንደሆነም ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንከባልለህ እይ። የተያዘ ብራቾ ባለበት መኪና ላይ የሚደረግ ማናቸውም ማስተካከያ ከንቱ ድካም ነው፤ አንድ ቀን ስለ ዘይት ስንከራከር ውለን በመጨረሻ የታጠፈ ፒን ያገኘንበትን ጊዜ አስታውሳለሁ።

ከዚያ በኋላ ባትሪዋን ውስጧ አድርገህ፣ ለመሮጥ በምትዘጋጅበት ሙሉ ክብደቷ ደልዳላ ጠረጴዛ ላይ አቁማት። ከ15 ሴንቲሜትር ያህል ከፍታ ለቅቀህ ጣላትና ራሷ ትረጋ፤ በእጅ ተጭነህ አትለካ። ከጠረጴዛው እስከ ሻንሲው ታች ያለው ርቀት ከፊትም ከኋላም ከ22 እስከ 25 ሚሊሜትር እስኪሆን ድረስ ቀለበቶቹን አላላ። ጓል ለበዛበት መሮጫ 25 ይሻልሃል፤ ለአውድማው ብቻ ቢሆን 22 እልህ ነበር። አሁን ሻንሲውን ቀስ ብለህ ወደ ላይ ስታነሣው ጎማዎቹ ከጠረጴዛው ሳይለቁ ጥቂት ሊከተሉህ ይገባል። ይህ ወደ ታች የመዘርጋት ልክ በግራና በቀኝ እኩል መሆን አለበት፤ ሾኩን እስከ መጨረሻው ስበህ ከላይኛው ቀዳዳ እስከ ታችኛው ቀዳዳ በካሊፐር ለካ፤ ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ልዩነት ካለ አስተካክለው። በጠፍጣፋ መሬት ላይ ይህ ዝርጋታ ሲበዛ መኪናዋ በኩርባ ትወዛወዛለች፤ በጓል ላይ ግን ካነሰ ጎማው መሬቱን መከተል አይችልም፤ እናንተ የያዛችሁት ሁለቱን የቀላቀለ መሬት ስለሆነ ለጓሉ ማድላት ይሻላል ባይ ነኝ።

የመሐል ሜዳው

ሰላም ወገኖቼ። እኔ በዚህ ነገር በጥቂቱ እለያለሁ። የእኔ ቡጊ ከመዝለያ ስትወርድ ሻንሲዋ መሬቱን ስለሚመታ ዘይቱን አወፍሬ 500 ሴንቲስቶክ አድርጌያለሁ፤ አሁን ሳትመታ ታርፋለች። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በእኛ ብርድ እንኳ ችግር አልገጠመኝም። ስለዚህ ለጠያቂው ወፈር ያለ ዘይት ብመክር ስሕተት ይሆን?

ባለጋራዡ (ሸዋ ሮቢት)

ወንድሜ፣ ስሕተት አይደለም፤ መሮጫው ግን ይለያያል። የአንተ መሮጫ ለስላሳ ሣርና አንድ ትልቅ መዝለያ ከሆነ ያደረግኸው ተገቢ ነው። ጓል ላይ ግን ጎማው በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ወጥቶ ስለሚወርድ ዘይቱ በፒስተኑ ቀዳዳዎች ለማለፍ ጊዜ ያጥረዋል። በጣም ፈጥኖ ሲገፋ ዘይቱ ታምቆ ፒስተኑን እንደ መቆለፍ ያደርገዋል፤ ሾኩ ለዚያች ቅጽበት ሾክ መሆኑ ቀርቶ ብረት ይሆናል። ይህ ከመዝለያ ለማረፍ ይጠቅማል፤ በጓል ላይ ግን መኪናዋን ያነጥራል።

ስለዚህ ዘይቱን ብቻ ሳይሆን ቀዳዳውንም ማየት ያስፈልጋል። ሰፊ ቀዳዳ ያለው ፒስተን ከወፍራም ዘይት ጋር፣ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ደግሞ ከቀጭን ዘይት ጋር ቢገጠሙ፣ በእጅህ ቀስ ብለህ ስትገፋቸው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። በፍጥነት ሲመቱ ግን የሚታመቀው ባለጠባቡ ቀዳዳ ነው። ጠያቂው ሾኮቹን ሲፈታ የፒስተኑን ቀዳዳዎች ቁጥርና ስፋት በካሊፐር ወይም በመሰርሰሪያ ጫፍ ለክቶ ቢጽፍልን እንመልስለታለን። በመኪናዋ ሳጥን ውስጥ ሌላ ዓይነት ፒስተን ካለ ሰፋ ያለውን ይሞክር።

ከመሮጫው በፊት በቤት የሚደረግ አንድ ፈተና አለ። መኪናዋን ሙሉ ክብደቷን እንደያዘች ከ30 ሴንቲሜትር ከፍታ ጠረጴዛ ላይ በአግድም ጣላት። ሻንሲዋ ጠረጴዛውን ለስሙ ያህል ነካ አድርጎ ፊቷና ኋላዋ በአንድነት ተነሥተው ሳይወዛወዙ መርጋት አለባቸው። ጓ ብሎ ከመታ ዘይቱ ቀጥኗል፤ ምንም ሳይወርድ ከቀረ ወፍሯል፤ ኋላዋ ቀድሞ ከተነሣ በመዝለያው ላይ የምታየው መደፋት ገና አልተፈወሰም።

በእጄ ትርፍ ጎሚኒና አንድ ጠርሙስ 350 ዘይት አለ። ቅዳሜ ወደ ደብረ ብርሃን ለሚመጣ ሹፌር እሰጥልሃለሁ፤ ስልክህን በውስጥ መስመር ላክልኝ።

የጠባሴው (ጠያቂ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ዕቃው በሰላም ደርሶኛል። መምህርቷንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያያችሁልኝን ሁሉ በቅደም ተከተል ስለሠራሁ ውጤቱን ልጻፍ።

ጎሚኒዎቹ አብጠው ነበር፤ የወጣው ከአዲሱ ጎን ሲቀመጥ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። የኋላው የቀኝ ብራቾ ተይዞ ነበር፤ ፒኑን ሳወጣው ከገለባ ብናኝና ከግራሶ የተጋገረ ጥቁር ነገር ተጣብቆበት አገኘሁ። ጠርጌ መለስሁት፤ አሁን ስለቀው ይወድቃል። በአራቱም ሾኮች 350 ጨምሬያለሁ። ፒስተኖቹ እያንዳንዳቸው ሁለት ቀዳዳ ያላቸው ሲሆን፣ 1.6 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ይገባል፣ 1.7 ግን አይገባም። ሌላ ፒስተን አላገኘሁም። ከፍታውን ከፊትም ከኋላም 25 አድርጌዋለሁ፤ ለዚህ ቀለበቶቹን ከነበሩበት ምን ያህል እንዳላላኋቸው ሳይ መምህርቷ ያሉት ገባኝ። ሞላ አላዘዝሁም።

ትናንት ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩልና ከቀኑ 8 ሰዓት ሁለት ጊዜ ነዳሁ። ጧት ትንሽ ጠንከር ትላለች፤ ነገር ግን አንድ መኪና ናት፣ እንደ በፊቱ ሁለት አይደለችም። ጓሉ ላይ የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን ሲቆነጥጡ አፈሩን ወደ ኋላ ሲበትኑት አየሁ፤ ከዚህ በፊት አቧራው እንዲያ ተነሥቶ አያውቅም። ኩርባ ላይ አንድ ጊዜም አልተገለበጠችም። ከመዝለያው ግን አሁንም አልፎ አልፎ አፍንጫዋን ትደፋለች፤ በተጨማሪም ጋዝ ሰጥቼ ቀጥ ብላ እንድትሄድ ስፈልግ ኋላዋ ወደ ግራ ይሸሻል።

መምህርቷ (ደብረ ሲና)

ደስ ብሎኛል። ወደ ግራ መሸሹን አስቀድመን እንይ። መኪናዋን ጠረጴዛ ላይ አድርገህ የካቻቢቴ ጫፍ ከሻንሲው ፊት መካከል ላይ በትክክል ሥር አግባና ቀስ ብለህ አንሣ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ ቅጽበት ከጠረጴዛው መልቀቅ አለባቸው፤ አንዱ ከቀደመ ከሁለቱ የኋላ ሾኮች አንዱ ከሌላው ይበልጥ ተጭኗል ማለት ነው። ከዚያም ከኋላ አንሥተህ የፊቶቹን ሾኮች መርምር። ቀለበቱን በሩብ ዙር እያስተካከልህ እስኪተካከሉ ድረስ ደጋግም። ባትሪው በአንድ ወገን አድልቶ ተቀምጦ እንደሆነም ተመልከት።

ቀጥሎ የኋላ ጎማዎችን አቅጣጫ ከላይ ሆነህ እይ። የሁለቱም የፊት ጠርዝ ወደ መኪናዋ መካከል እያንዳንዳቸው 3 ዲግሪ ያህል ማዘንበል አለባቸው፤ በኋላ ጎማ የምትገፋ ቡጊ ጋዝ ሲሰጣት ቀጥ ብላ የምትሄደው በዚህ ነው። የአንዱ ወገን መያዣ ተሰንጥቆ ወይም ሮንዴላ ተረስቶ እንደሆነ ልዩነቱ እዚህ ይገለጣል። ከፊት ለፊት ስታያቸው ደግሞ የአራቱም ጎማዎች የላይኛው ጠርዝ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ይሁን።

አሁንም የምትደፋው ከተነሣች በኋላ በምታደርገው ነገር ሊሆን ይችላል። በአየር ላይ ሳለች ጋዝ ከለቀቅህ ወይም ፍሬን ከያዝህ የሚሽከረከሩት ጎማዎች ፍጥነት ሲቀንስ አፍንጫዋን ወደ ታች ያወርዳታል፤ ጥቂት ጋዝ ከሰጠሃት ግን ያነሣታል። ፈርተህ ከመዝለያው ጫፍ ላይ ጋዝ እንደምትለቅ ጓደኞችህ ቆመው ይመልከቱልህ። እንዲያ ካልሆነ ባለጋራዡ ስለ ኋላው ሾክ የሚሉት ይኖራል።

ባለጋራዡ (ሸዋ ሮቢት)

አለኝ። ሁለቱን በአንድ ቀን አትቀይር፤ አስቀድመህ መምህርቷ ያሉትን በጋዙ ሞክር። ካልተስተካከለ ከኋላው ከፍታ አንድ ሚሊሜትር ቀንስና ደግመህ ዝለል። ያም ካልበቃ የኋላውን ሾክ ላይኛ ጫፍ በሚታሰርበት ባለቀዳዳ ማማ ላይ አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አስገባው፤ ሾኩ ይበልጥ ሲያዘነብል ሞላው በመጀመሪያ ለስለስ ብሎ ስለሚሠራ ኋላዋን ሽቅብ የሚወረውረው ኃይል ይበርዳል። ሾኩን ስታዛውር መቆሚያ ከፍታዋ ስለሚቀንስ ባትሪዋን አስገብተህ እንደገና ለካ። የነበረውንም ያደረግኸውንም፣ ከሰዓቱና ከአየሩ ጋር በደብተር ጻፈው፤ ጥር አልፎ ውርጩ ሲቀንስ ከየት ተነሥተህ ዘይቱን እንደምትቀይር የሚነግርህ እርሱ ነው።

የፒስተንህ ቀዳዳ ለጓሉ ጠበብ ይላል። 1.7 መሰርሰሪያ በእጅህ ይዘህ፣ በሞተር ሳይሆን በጣትህ እያዞርህ የሁለቱን የኋላ ፒስተኖች ቀዳዳዎች አስፋቸው፤ የሚቀረውን ጭረት በምላጭ አንሣው። አራቱም ቀዳዳዎች እኩል ይሁኑ። ከዚያ በኋላ የኋላውን ዘይት 400 ታደርገዋለህ፤ ጠርሙሱን በሚቀጥለው ቅዳሜ እልካለሁ።